«አትነሡልኝ»

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ በወታደር አጀብ ብቻ ይኬድበት በነበረ ወቅት ነው። ከዚያ ዘመን ብዙውን ረስቻለሁ። ይህን ግን ሰው ቤት በገባሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ባለቤቴ ሙላት መርሳ ከተማ አስተማሪ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር። ደረቱን ይዞ «እዚህ ላይ ድንጋይ ተጭኖኛል» አለኝ። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹለት። «አብሽሪ፣ ይተወዋል» አሉኝ። አልተወውም። ሽንኩርት የጫነ መኪና ለምኜ ወደ ወልድያ ሆስፒታል አሳፈርኩት።

ኬላው ላይ ወታደሩ አስቆመን። አጀቡ ሳይመጣ ማንም አያልፍም አለ። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ በመጨረሻም ሰደብኩት። አንገቱን ደፋ እንጂ ገመዱን አልፈታም። ሙላት ጋቢና ውስጥ እያጣጣረ፣ እኔ በነጠላዬ እያራገብኩለት፣ አጀቡ እስኪመጣ ከሰዓት በኋላው አለፈ።

ሆስፒታል ስንደርስ እጅና እግሩ በረዶ ሆኖ ነበር። ወጣቱ ሐኪም መረመረውና ወደ ውጭ ጠራኝ።

«እህቴ፣ የልቡ ሥጋ በከፊል ሞቷል። ደም መርጨት አቅቶታል» አለኝ።

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«ውጭ አገር ስማር ያየሁት መሣሪያ አለ። ደሙን ከሰውነት አውጥቶ፣ አየር ሰጥቶ መልሶ ያስገባዋል። ልብና ሳንባው እስኪያገግሙ ሥራቸውን ይሠራላቸዋል። እዚህ ግን የለም። አዲስ አበባም ብትወስጂው የለም። ያለን ግሉኮስና ኦክስጅን፣ ከዚያ ዕረፍት ነው። ጭንቅላቱን እንኳ ቀና እንዳያደርግ።»

መሣሪያው ከሌለ እኔ አለሁ አልኩ። ውኃ በማንኪያ አጠጣሁት፣ ላቡን ጠረግኩለት፣ ትራሱን አስተካከልኩለት። ዝንብ እንኳ በእጁ እንዳያባርር ከአጠገቡ አልራቅኩም። የእሱ ልብ እንዳትደክም የእኔ ብትፈነዳ ግድ አልነበረኝም።

ትንሽ ተሻለው። ሽንቱ ሲመጣ ሐኪሙ ፈገግ አለ፤ ኩላሊቱ ደም አገኘ ማለት ነው አለኝ። ሙላትም በሰለለ ድምፅ «ሽንቴ ይህን ያህል የሚያስደስታችሁ ከሆነ ድሮ ትነግሩኝ ነበር» ብሎ አሳቀን። ያ የመጨረሻ ሳቃችን ነው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጠያቂዎች ከበውት ሳለ አባቱ መጡ። አባባ ይመር መኪና ስላልነበረ ከሀብሩ ገጠር በእግራቸው ነው የመጡት። ከዘራቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸው አቧራ ለብሶ በሩ ላይ ቆሙ። የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» አለ።

እኔም ተነሣሁ። አባቱ ቆመው ማን ይቀመጣል?

ሙላትም ተነሣ። እጄ ሳይደርስበት በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ፣ እግሩን ከአልጋው አወረደ። «ኖር አባባ» አለ።

«በእግዜር፣ በእግዜር ልጄ! ተኛ!» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ግን ዓይኑ ተገልብጦ ወደ ኋላው ወደቀ።

ሐኪሙ ሮጦ መጣ፤ ደረቱን በሁለት እጁ ይጫነው ጀመር። ነርሷ አፍና አፍንጫው ላይ ጭንብል ገጥማ ያዘችና ጫፉ ላይ ያለውን የላስቲክ ፊኛ ሰጠችኝ። «ስልሽ ጭመቂ» አለችኝ። ጨመቅኩ። ደረቱ ከፍ አለ። ለቀቅኩ፤ ዝቅ አለ። ሐኪሙ ላቡ እስኪንጠባጠብ ለፋ። በመጨረሻ እጁን አነሣና «በቃ እህቴ» አለኝ።

አልሰማሁትም። እኔ እስከጨመቅኩ ድረስ ደረቱ ይነሣል፤ እንዴት በቃ ይባላል?

«ይተነፍሳል እኮ!» አሉ አባባ ይመር ከበሩ ሳይንቀሳቀሱ። «ልጄ ይተነፍሳል፣ አታዩም እንዴ?»

ይተነፍስ የነበረው የእኔ እጅ ነው። ይህን ልነግራቸው አልቻልኩም። እጄ ዝሎ ሲቆም ራሳቸው አዩት።

ሐኪሙ በኋላ፣ ሙላት ከአልጋው ባይነሣም ኖሮ ላይተርፍ ይችል ነበር ብሎ ሊያጽናናቸው ሞከረ። አባባ ይመር ሰሙት፤ አላመኑትም። ከዚያ በኋላ ለቅሶም ሆነ ሠርግ ሲሄዱ በር ላይ ቆመው «አትነሡልኝ! ተቀመጡ፣ አለዚያ አልገባም!» ብለው ይጮኻሉ። የማያውቅ ሰው ይስቅባቸዋል። አንድ ጊዜ ልማድ ይዞት አንድ ጎረምሳ ቢነሣላቸው እያለቀሱ ተመለሱ። እንዲያ እንዳሉ ሞቱ።

ጊዜ ያሽረዋል ያሉኝ ሁሉ ዋሹኝ። ያ መሣሪያ በሌላው ዓለም ሰው እያተረፈ እንደሆነ ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ እናደዳለሁ። በማን እንደምናደድ አላውቅም። በሙላት ይሆናል፤ እያየሁት እንዲያ በመነሣቱ።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። ሰው ቤት ስገባ ወጣቶቹ ብድግ ብለው «ኖር!» ይሉኛል። «በእግዜር» ማለት ያቅተኛል። «አትነሡልኝ» እላለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።