ከመርዶው በፊት የነበሩት ምሽቶች

ጥሪው የመጣው በስልክ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለ ማረፊያ ቤት ጸሐፊዎች ዐሥር ቀን ተቀምጠው የሚጽፉበት ዝግጅት ነበረ። የላክሁላቸው የድርሰቴ የመጨረሻ ምዕራፍ ተወዶልኝ ተመረጥሁ። የደወለችው ወጣት አዘጋጅ የጻፍሁት ምትሃትን ከእውነተኛ ኑሮ የሚቀላቅል፣ ምትሃታዊ እውነታ የሚባል አጻጻፍ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ የሰፈራችንን ነገር የጻፍሁ ነበር የመሰለኝ። ረቂቁን አርሜ፣ አስተይቤ እንድመጣ አሳሰበችኝ። ሁለት ሳምንት ነበረኝ።

ታሪኩ አጭር ነው። ዐረብ አገር የሄደች ልጅ ትሞታለች። ሰፈሩ ሰምቷል፣ እናቷ አልሰማችም። መርዶ እስኪነገር ድረስ ሟቿ በየምሽቱ እናቷ ቤት እየመጣች በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። በመጨረሻው ምዕራፍ ሽማግሌዎች ገና ሲነጋ ገብተው ለእናትየዋ ይነግራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ልጅቱ አትመጣም።

የልጅቱ መምጣት የእኔ ፈጠራ ነው። ሌላው የጎረቤቴ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ አጥር ተጋርተን ኖረናል። ባሏ በሕይወት ሳሉ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ያስቀሩ ነበር። እሷም ቁርኣን ትቀራለች፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልቆጠረችም። ልጇ ዐረብ አገር ስትሞት፣ ታላቅ ወንድሟ ከዚያው እስኪመለስ ተብሎ ሞቷን ሦስት ሳምንት ደበቅናት። ከደበቁት አንዷ እኔ ነኝ።

የደም ግፊት ኪኒኔን፣ ጋቢዬንና ሁለት ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ ከተትሁ። እርማቱ ግን አልሄድልኝ አለ። የሌላውን እያሳጠርሁ፣ እየሰረዝሁ እመጣና እናትየዋ ዘንድ ስደርስ እጄ ይቆማል። ሳልነግራት ይዤው ብሄድ አታውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ደብቄያታለሁ፤ ሁለተኛ መደበቅ ከበደኝ።

ዓርብ ከዐስር ሰላት በኋላ ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። ምስር እየለቀመች ነበር።

«ምንድን ነው የታቀፍሽው? የመሬት ክስ ነው?»

«የጻፍሁት ነው። ያንቺ ነገር አለበት። ላንብብልሽና እምቢ ካልሽ አልወስደውም።»

«አንብቢያ። ያ መነጽር ሥራ ይሥራ እንጂ።»

አነበብሁላት። መልቀሟን አላቆመችም። ልጅቱ በሩ አጠገብ የምትቀመጥበት ላይ ስደርስ እጇን አነሣች።

«ቆይ። እናትየዋ የልጇን መሞት አታውቅም ነው የምትዪው?»

«አታውቅም። አልተነገራትም።»

«ወይ አንቺ ሴትዮ! ትምህርት ቤት የሰደዱሽ በከንቱ ነው።» ሣቅ አለች፤ ሣቋ አልቆየም። «በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። በመጣሽ ቁጥር ‹ልጅቱ ደወለች ወይ› ሳትዪ አትቀመጭም ነበር። ያን ቀን ስለ ዝናብ አወራሽኝ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ ስሟን እየዘለለ አወራኝ።»

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አኖርሁት።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናንተ ካልነገራችሁኝ አልሞተችማ። ወላሂ፣ ሽማግሌ እንዳይመጣብኝ በየምሽቱ ዱዓ አድርጌያለሁ። ያቆየኋት እኔ ነኝ፣ እናንተ አይደላችሁም።»

ያን ጊዜ ደጇ ስደርስ ቆሜ ፊቴን አስተካክዬ እገባ ነበር። ለእሷ ስል የማስመስል መስሎኝ ነበር። እሷም ለእኔ ታስመስል ኖሯል።

«እንግዲያ ልተወው?» አልኋት።

«ውሰጂው። እናትየዋ ግን ትወቅ። እያወቀች ታስገባት። ሽማግሌዎቹ የገቡበትን ማለዳ ደግሞ ጽፈሽው ከሆነ አውጪው። እሱን ሰው እንዲያነበው አልፈልግም። እሱ የኔ ነው።»

ያን ምዕራፍ ገና አላነበብሁላትም ነበር። ዐሥራ አንድ ገጽ ነው። የተመረጥሁበት እሱ እንደሆነ አልነገርኋትም። ለይቼ ሰጠኋት። አጣጥፋ ሳጥኗ ውስጥ ከልብሶቿ ሥር አኖረችው።

የቀሩትን ቀናት እናትየዋን እንደገና በመጻፍ አሳለፍሁ። አሁን በሩን ከፍታ ትጠብቃለች። ልጅቱን ብዙ ነገር ትጠይቃታለች፤ አንዱን ብቻ አትጠይቃትም።

ለጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው አዘጋጇ ደወለች።

«እትዬ፣ በመክፈቻው ቀን የመጨረሻውን ምዕራፍ እንዲያነቡልን ነበር።»

«ወጥቷል፣ ልጄ።»

«ውይ፣ ምነው? ግድ የለም፣ ቅጂው እኛ ዘንድ አለ።»

«እሱንም አጥፊልኝ። ያለ እሱ የማልፈለግ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

አለቆቿን ጠይቃ እንደምትደውል ነገረችኝ። በማግሥቱ ደወለች። መምጣት እችላለሁ፤ በመክፈቻው የሚያነብ ግን ሌላ ሰው ተገኝቷል።

በጉዞዬ ቀን ጎረቤቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። የደሴው አውቶቡስ እስኪሞላ አጠገቤ ቆማ ልጇ ሕፃን ሳለች እንዴት አስቸጋሪ እንደነበረች አወራችኝ። ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀው ነገር ነው። አዳመጥኋት። አልጻፍሁትም።