የቀዳም ስዑር ኩኪስ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤት ኮረሪማ ሲወቅጡ ተነሥቼ መስኮቴን ዘጋሁት። ሽታው ግን ቀድሞኝ ገብቶ ነበር፤ የአክስቴን ወጥ ቤት ይዞ።

አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሚስት ናት። የሚያስተምረው እሱ ነው፤ የምትኮፈሰው እሷ። ወጥ ቤቷ ውስጥ ስኳሩም ጨውም አንድ ዓይነት የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ምንም አልተጻፈባቸውም። ኦቨኗን በዳንቴል ትሸፍነዋለች፤ በዓመት አንዴ ይገለጣል።

ያን ዓመት የተገለጠው ቀዳም ስዑር ዕለት ነበር። ለፋሲካ እንግዶቿ ስልኳ ላይ ያየችውን ኩኪስ ልትጋግር፣ ማለቴ እናቴ እንድትጋግርላት፣ አስጠራችን። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴም እኔም አክፍለናል፤ ከዓርብ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስንም። አክስቴም አክፍያለሁ ትል ነበር፤ የከንፈሯ ወዝ ግን አልጎደለም።

እናቴ የመጣችው ለአንድ ነገር ነው። ከእንግዶቹ አንዷ ፒያሳ ላይ ኬክ ቤት አላት። አክስቴ "ከወደደችው የአንቺ እጅ ሥራ መሆኑን እነግራታለሁ፤ ትቀጥርሻለች" ብላታለች። እናቴ በሰው ቤት ልብስ ስታጥብ እጇ ተላልጦ ነበር። እኔ ቃሏን አላመንሁም። ኩኪሱ ከጣፈጠ "የኔ ነው" እንደምትል እርግጠኛ ነበርሁ።

እናቴ ኮረሪማውንና ቅርንፉዱን ወቀጠች፤ ለውዙን ቆልታ ልጣጩን አራገፈች።

"ሁለት ስኒ ስኳር" አለች አክስቴ ስልኳን እያነበበች።

እናቴ እጇን ዘርግታ አንዱን ዕቃ አነሣች። የጨው ነበር። ሐሙስ ጉልባን ስንሠራ አክስቴ ድስቱ ላይ ከዚያው ስትጨምር አይቻለሁ።

ልናገር ስል አክስቴ ቀደመችኝ። "እጅሽን ደግመሽ ታጠቢ፤ የአገርሽ የማክሰኝት አፈር ኩኪሱ ውስጥ እንዳይገባ" አለቻትና ሳቀች። እናቴም አብራት ሳቀች። አክስቴን ናቅኋት፤ የእናቴን ሳቅም ናቅሁት። በእንግዶችሽ ፊት ተዋረጂ፣ አልሁ በሆዴ። ሁለቱም ስኒ ዱቄቱ ላይ ሲገለበጥ ዝም ብዬ አየሁ።

ቅቤና እንቁላል ያለበትን በዚያ ቀን የሚቀምስ የለም። እናቴ ሊጡን በብርጭቆ አፍ እየቆረጠች ደረደረችው። ኦቨኑ ሲግል የኮረሪማውና የለውዙ መዓዛ ቤቱን ሞላው።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለችኝ እናቴ።

"ጾም ነው።"

አንዱን አንሥታ አሸተተችው። "ሸጋ ሆኗል" ብላ መለሰችው።

በፋሲካ ማግስት ባለ ኬክ ቤቷ አንዱን ነከሰችና ሶፍት ላይ ተፋችው። እኔ የአክስቴን ፊት እጠብቅ ነበር። ምንም አልሆነም። በአገጯ ወደ እናቴ እያመለከተች፣ "የእሷ እጅ ሥራ ነው" አለች። "ኦቨን አይታ የማታውቅ፣ ምን ታድርግ።"

እንግዶቹ ሳቁ። አክስቴ በሕይወቷ አንድ ቀን ቃሏን ጠበቀች።

"ዓይኔ ነው እትዬ፤ አምታታኝ" አለች እናቴ። ትሪውን አንሥታ ወጣች።

አሁን ግጥም እጽፋለሁ፤ አስመሳዮችን እያነሣሁ አስቃለሁ፣ ይጨበጨብልኛል። እናቴ ዛሬም ልብስ ታጥባለች። በየዓመቱ ቀዳም ስዑር የበዓሉን ዳቦ ስታቦካ፣ ሁለት ቀን ውኃ ያልነካው ምላሷ ላይ ከጨው ዕቃው ቆንጥራ ታኖራለች። "እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ዓይኔን አላምነውም" ትላለች። ከዚያ ወዲህ አንድም አክፍሎት አልሞላላትም።

አጠገቧ ቆሜ አያለሁ።

"ምነው ዝም አልሽ?" ትለኛለች።

"ጾም ነው" እላታለሁ።