የራህማን ፀጉር የቆረጥኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ የሰሊጥ ዘይት ልገዛ ተሰልፌ ሳለ፣ ከፊቴ የቆመችው ልጅ ሻሽ ሸርተት አለ። ፀጉሯ ከሥሩ ጥቅልል፣ ከጫፉ ቀጥ ያለ ነበር። ፀጉር የሚያለሰልሰውን ሪላክሰር ትታ የራሷን ፀጉር እያሳደገች መሆኗ ገባኝ። የአጎቴ ልጅ ራህማ ትዝ አለችኝ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር፤ አንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። ሪላክሰሩ ራሳችንን ቢያቃጥለን ጊዜ ሁለታችንም ሁለተኛ ላንነካው ማልን። ክረምቱ መጣ፤ ጥቁሩ የገዳሪፍ ጭቃ ጫማችንን ሲነጥቀን ከረመ። ሰሊጡ እስኪታጨድ የእሷ ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ። የእኔ እዚህም እዚያም ብን ብን ያለ ነበር። ያንኑ ዘይት ተቀብተን፣ በአንድ ማበጠሪያ ተበጥረን! ቅናት አንጀቴን በላው፤ ዛሬ ምን እደብቃለሁ።

የእህቴ ሠርግ ደረሰ። ስስ የሱዳን ሹሩባ የምትሠራው ሐጃ ዘይነብ መጥታ ራሳችንን ዳበሰች። የእኔን ቶሎ ለቀቀችው። የራህማን ግን ደጋግማ ሳብ ሳብ አደረገችና፣ "ማሻላህ! የለሰለሰው ጫፍ ግን ሹሩባ አይዝም። ቁረጡትና ነገ እሠራታለሁ" አለች።

ራህማ ፀጉሯን አርሳ መቀሱን ሰጠችኝ። ፀጉር ሲርስ የተፈጥሮው ይጠቀለላል፣ የለሰለሰው ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል።

"እስከየት ነው? ወላሂ ፈርቻለሁ" አለችኝ።

"አይዞሽ፣ ይታየኛል።"

በደንብ ይታየኝ ነበር። ጥቅልሉ ከሚጀምርበት ወደ ሥሩ አራት ጣት ገባ ብዬ ቆረጥኩት፤ ዙሪያውንም እንደዚያው።

መስታወቱን አይታ ያጠረውን በመዳፏ ዳበሰች። "ኸላስ፣ በቃ ይበቅላል" አለች።

በማግስቱ ሐጃ ዘይነብ ልትሠራው ብትሞክር ፀጉሩ አጥሮ ከጣቷ አመለጠ። "ማነው እንዲህ የቆረጠሽ?" ብላ ተቆጣች። እኔ ማበጠሪያ የምፈልግ መስዬ አጎነበስኩ።

"ራሴ ነኝ፤ ቸኩዬ ነው" አለች ራህማ። ለብቻችን ስንሆን ደግሞ፣ "አትዘኚ፣ እጅሽ ስቶ ነው" ብላ አቀፈችኝ። ሠርጉን በሻሽ ጨፈረች።

ራህማ ዛሬ ፋው ከተማ ትኖራለች፤ ሦስት ሴት ልጆች አሏት። የፀጉራቸው ጫፍ መቆረጥ ባስፈለገው ቁጥር ይዛቸው እኔ ዘንድ ትመጣለች። "ለማንም አልሰጣቸውም፤ የሚሳሳላቸው ሰው ይቁረጥላቸው" ትላለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዛሬስ እውነቱን እነግራታለሁ እያልኩ፣ የልጆቿን ፀጉር ቆርጬ እሸኛታለሁ።