ሞተር ያልገባው አይዟችሁ

ጦርነቱ ከተማዋን ሳይከባት በፊት እሷ ባቡር ጣቢያ ትሠራ ነበር። በድምፅ ማጉያው «ክቡራን መንገደኞች» ትልና መጀመሪያ በአገሬው ቋንቋ፣ ቀጥሎ ለእንግዶች በነሱ አፍ ትናገራለች። ባቡር መዘግየቱን ስትናገር እንኳ ምርቃት የምታወርድ ይመስል ነበር። ሰፈሩም ስሟን ትቶ «ጣቢያዋ» ይላታል። ሐዲዱ በመድፍ ሲበጠስ ባቡሩ ቀረ፣ ደመወዙ ቀረ፣ ቅጽል ስሙ ብቻ ተረፋት።

ባሏ «ሥራ ላፈላልግ» ብሎ ድንበር ከተሻገረ ወዲህ፣ ሥራው ጠፍቶ ይሁን እሱ ጠፍቶ፣ ወሬው የለም። የምትኖረው ከአማቷ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመስኮቱ መስታወት ረግፎ ላስቲክ ተወጥሮበታል። ሊፍቱ አፉን እንደከፈተ ሞቷል። የሰፈሩ ጉድጓድ ፓምፕ ሞተሩ ተቃጥሎ ስለቆመ ውሃ ከወንዝ በጄሪካን ይቀዳና ደረጃውን በትከሻ ይወጣል። አማቷ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ምላሳቸው ግን እንደ ምላጭ ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነውና ጣቢያዋ ለአንድ የውጭ ርዳታ ድርጅት አስተርጓሚ ሆነች። ከሷ በፊት የነበረው ሰውዬ እቅጩን እየተናገረ በሳምንቱ እንደተባረረ ሰምታለች። ስለዚህ ገና ሳትጀምር ምላሷን ማር ቀባችው።

የምታስተረጉምለት በጎ ፈቃደኛ ጢሙ የሳሳ፣ ቁመቱ የተመዘዘ ወጣት ነበር። ሰደርያው ላይ ኪስ እንጂ ጨርቅ አይታይም፤ በአንዱ ኪስ ፊሽካ፣ በአንዱ የፀሐይ ቅባት፣ በሌላው ኮምፓስ። ኮምፓሱን ይዞ ከማረፊያው እስከ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሁለቴ ጠፍቷል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ «በእግር መሄድ ኢንሹራንሱ አይፈቅድም» ብሎ መኪና መደበለት። በየጠዋቱ ጄሪካን የተሸከሙትን ሴቶች አቧራ እያለበሰ ያልፋቸዋል፤ በመስኮት ብቅ ብሎም የሚያውቃትን አንዲት ቃል ይወረውርላቸዋል፦ «አይዟችሁ!» ለወታደሩም አይዟችሁ፣ ለለቀስተኛውም አይዟችሁ፣ አንድ ቀን ለውሻም ብሏል። ስሙም አይዟችሁ ሆኖ ቀረ።

ሥራው ሥልጠና ነው። ሴቶቹን ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ ያደርግና ዓይን አስጨፍኖ ያስተነፍሳቸዋል፤ ቀጥሎ ውስጣቸውን የሚገልጥ ዛፍ ያስላቸዋል።

«ዛሬ ምን ይሰማችኋል?» ብሎ ጠየቀ በመጀመሪያው ቀን።

ጣቢያዋ ወደ ሴቶቹ ዞር ብላ፣ «ምን ጎደላችሁ ይላል» አለች።

«ሞተር!» አሉ በአንድ አፍ። «ሞተራችን ተቃጠለ በይው።»

ጣቢያዋ ሐሳብ ገባት። እውነቱን ሲሰማ ሻንጣውን ቢያነሳስ? በሳምንት የሚሰጣት የታሸገ ምግብ አብሮት ሊሄድ ነው። «ልባችን ተቃጠለ ይላሉ» አለችው።

አይዟችሁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሴቶቹም እንባውን አይተው ሞተሩ መጣ ብለው ተደሰቱ።

የመጣው ግን የዋና ልብስ ነው። ከባሕር ማዶ የተለገሰ ካርቶን ሲከፈት ከላይ እስከ ታች የዋና ልብስ ሆኖ ተገኘ። በምርኩዝም ቢሆን ከሥልጠናው የማይቀሩት አማትየው አንዱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ «የምንጠጣው ሲጠፋ የምንዋኝበት ላኩልን? ለመሆኑ ይሄ ልጅ እናት የለውም? ወልዳ መንገድ ላይ ትጥለዋለች?» አሉ።

«እናትህን ያመሰግናሉ» አለች ጣቢያዋ።

ልጁ የዚያኑ ቀን ለእናቱ ደወለ። እናቱም አልቅሳ፣ በራሷ እጅ የሠራቻቸውን የሹራብ ቆቦች ላከች። ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ወር፣ ሴቶቹ የሹራብ ቆብ ደፍተው ዛፍ ሳሉ።

ነገሩ እዚህ ሲደርስ ሰፈሩ ጣቢያዋን ጎሪጥ ያያት ጀመር። «እኛ ድንጋይ ስንወረውር አንቺ አበባ አድርገሽ ታቀብይዋለሽ» አሏት።

በሦስተኛው ወር የድርጅቱ ኃላፊ ለጉብኝት መጣች። አዳራሹ ተጠረገ፤ ዛፎቹ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ኃላፊዋ ፈገግ ብላ፣ «ከሥልጠናው ምን አገኛችሁ?» ስትል አማትየው ብድግ አሉ። አስቀድመው ምራታቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

«ዛሬ አንዲት ቃል ብትውጪ እቤቴ አትገቢም።»

«እማማ፣ ሥራዬን...»

«ሥራሽን ውሃ ይብላው! እሱም ከተገኘ።» ወደ እንግዳዋ ዞሩ። «ይሄ ልጅ ክፉ አይደለም፤ ሥራ ፈት ነው እንጂ። ሥራ ፈትነቱን የምናስታምመው ደግሞ እኛ ነን። ሞተር አልን፣ ዛፍ አሳለን። ውሃ አልን፣ ቆብ አመጣ። ተንፍሱ ይለናል፤ እስከ ዛሬ በምን የኖርን መስሎት ነው?»

ጣቢያዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ በዚያው በጣቢያው ድምፅ፣ ባቡር መሰረዙን እንደምታውጅ ሁሉ፣ ቃል ሳታጎድል አወረደችው።

አይዟችሁ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ኃላፊዋ ግን አጨበጨበች። «እንዴት ያሉ ጠንካራ ሴቶች!» ብላ መሀላቸው ገብታ ፎቶ ተነሣችና ሄደች። በማግስቱ ጣቢያዋ ተሰናበተች፤ በምትኳ «የማኅበረሰቡን ስሜት የሚረዳ» አስተርጓሚ ተቀጠረ።

በሦስተኛው ቀን አራተኛው ፎቅ በር ተንኳኳ። አይዟችሁ ነው፤ በእግሩ መጥቶ፣ ላብ አጥምቆት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የዋሸሽኝ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እናቴስ? እናቴ እኮ አልቅሳለች!»

«ታዲያ የተባለውን ብነግርህ ልትስቅ ኖሯል?»

ደፍ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ሞተር በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» አላት።

«ሞተር።»

«ሞተር... ሞተር ነው?»

«ሞተር ነው።»

«ይህንንማ በየቀኑ ሲሉት እሰማ ነበር!»

«ሰምተህማ ነበር» አለች ጣቢያዋ። «እኔ ዋሸሁህ፤ ጆሮህ ግን የራስህ ነው።»

አማትየው ከውስጥ፣ «ምን ይላል?» ብለው ጮኹ። ስትነግራቸው ሳቅ ጉሮሯቸውን ይዟቸው ሊሞቱ ደረሱ። ሳቁ ሲበርድላቸው አንድ ባዶ ጄሪካን በእግራቸው ወደሱ ገፉለት።

ቀዳ። የመጀመሪያውን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደፋው፤ የሁለተኛውን ግማሽ አደረሰ። ሥልጠናውን እየተወ የውሃ ሥራ ወደሚሠራ ሌላ ድርጅት በር መመላለስ ያዘ። ፀሐይ ላይ እየቆመ፣ ሲያባርሩት እየተመለሰ፣ ዘበኛው ቢሰለቸው ወንበር አወጣለት። በመጨረሻ እሱን ለመገላገል ሲሉ ካገለገለ አንድ ሞተር ጋር ሸኙት። ሞተሩ ከውሃው ጩኸቱ ቢብስም ጠዋት ጠዋት ይሠራል። የገዛ ድርጅቱ ግን «ከፕሮግራሙ ወጥቷል» ብሎ ወደ አገሩ መለሰው። ሲሄድ አማትየው ግንባሩን ስመው፣ «እናትህን ሰላም በልልኝ፤ ይኼ እንኳ ከልቤ ነው» አሉት።

ጣቢያዋ ከውጭ የመጡ ቀዶ ሐኪሞች ያሉበት ሆስፒታል ገባች። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ የአንድ ቁስለኛን ወንድም እያሳያት፣ ቁስለኛው እግሩ ካልተቆረጠ እንደማይተርፍ ንገሪው አላት። ምላሷ ማር ፍለጋ ሄደ፤ መልሳ ያዘችው። እንደተባለው ተናገረች። ወንድምየው እጁን አነሣባት፤ ኋላ እጁ አየር ላይ ቀረና መሬት ተቀምጦ፣ «መቼ ነው?» አላት።

ማታ አማቷ፣ «እንዴት ዋልሽ?» አሏት።

«እቅጩን ስናገር።»

«ማንም አልመታሽ?»

«አንዱ ለጥቂት ሳተኝ።»

«ደግ» አሉ አማትየው። «በይ ታጠቢና ራት ብዪ።»