እህቴን ጥያት የሄድኩ ቀን

ባለፈው ወር አሶሳ ውስጥ ከአእምሮ ሕመም ላገገሙ ሰዎች የምስጋና ዝግጅት ነበር። ታላቅ እህቴ ዘምዘም አንዷ ናት። ስሟ ተጠርቶ ስትወጣ መድረክ መሪው «ያስታመመ ቤተሰብም አብሮ ይውጣ» አለ። ወጣሁ። ጋቢ ደረቡልኝ፤ ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን አንገቴን ቀና ማድረግ አቃተኝ።

ወላጆቻችን በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ አካባቢ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ አሥራ ስምንት፣ ዘምዘም ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነን የመጀመሪያ ልጇ ሞተባት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች፤ ከማይታዩ ሰዎች ጋር ታወራለች፤ ተነሥታ ጫካ ትገባለች። ባሏ ወደ እኛ መልሷት ሄደ። አባባ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንዝ እንዳትገባ ፈርቶ ከቤቱ ምሰሶ ጋር በገመድ አሰራት።

ያስፈታት ሐሚድ ነው። ሐሚድ በጤና ጣቢያ የሚሠራ፣ አማርኛ የሚሰባብር የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነበር፤ ለክትባት መንደራችን መጥቶ አያት።

«ገመድ መድኃኒት አይደለም» አለው አባባን። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «እህት ያንተ በወር አንድ መርፌ ይወጋል። አንተ ያመጣል» አለኝ።

አመጣኋት። ወር በመጣ ቁጥር እስከ ጤና ጣቢያው ሦስት ሰዓት በእግር፣ በጋ በአቧራ፣ ክረምት በጭቃ። መርፌው ስለሚያደነዝዛት እግሯን እየጎተተች ነው የምትሄደው። ልጆች ከኋላችን ድንጋይ ይወረውሩ ነበር። ስለ ማስታመም ሲወራ ሰው ፍቅርን ያነሳል፤ እኔ የማስታውሰው ድካሙን ነው።

አንድ የሐምሌ ቀን ወደ መርፌው ስንሄድ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘንና ማንጎ ዛፍ ሥር ተጠለልን። የወደቀው ማንጎ በስብሶ ይሸታል። የያዝነውን የማሽላ ቂጣ አካፈልኳት፤ በልታ ጋደም አለችና ዓይኗን ከደነች። እዚያው አጠገብ አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ይዞት ኖሮ፣ ከሰዎች ጋር ገፋሁለት። ሲወጣ ሾፌሩ፣ «ባምባሲ ትሄዳለህ?» አለኝ።

ተሳፈርኩ። ዞሬም አላየኋት።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አይደለም፤ ቅለት ነው። ባምባሲ ከተማ ሻይ ቤት ገብቼ ሻይና ዳቦ አዘዝኩ። ሥራ ፈልጌ እዚያው ልቀር አስቤ ነበር። ዳቦው ሲመጣ ግን እጄ እንደ ልማዱ ለሁለት ቆረሰው። ሁለቱን ቁራሽ እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ግማሹን ይዤ ተነሣሁና ወደ አሶሳ የሚመለስ መኪና ለመንኩ።

ዛፉ ሥር ስደርስ የለችም። ወንዙን አየሁ፤ በየቤቱ ገብቼ ጠየቅሁ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ስደርስ ሐሚድ በሩ ላይ ቆሟል።

«እህት ያንተ እዚህ ነው» አለኝ። «ብቻው መጣ።»

ዘምዘም አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«የት ነበርክ?»

«ውሃ ፍለጋ ሄጄ» አልኳት፣ ያን ሁሉ ዝናብ እያየች። ዳቦውን ሰጠኋት። ተቀብላኝ በላች።

ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ተመላለስን። ድና ታማለች፤ ታማ ድናለች። ዛሬ ለውዝ ትነግዳለች፤ መድኃኒቷንም አላቋረጠችም። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሲኖር «ገመዱን ፍቱለት» ብላ የምትገባው እሷ ናት።

ከዝግጅቱ ስንወጣ ባጃጅ እየጠበቅን ሳለ ነገርኳት። «እታለም፣ ያን ቀን ውሃ ፍለጋ አልሄድኩም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ተኝቼ አልነበረም። መኪናው ላይ ስትወጣ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ደክሞህ ነበራ። እኔም እኮ ራሴን ሰልችቼ ነበር። አንተ መኪና አገኘህ፤ እኔ ከራሴ የምሸሽበት አልነበረኝም።»

ባጃጁ መጣና አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። ያን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስበው የኖርኩት በራሴ እግር ነበር፤ ምን ያህል እንደደከምኩ፣ ምን ያህል እንደበደልኩ። እኔ ቢያንስ የግማሽ ቀን ዕረፍት ነበረኝ። እሷ ሕመሟን ተሸክማ፣ ወንድሟ ጥሏት መሄዱን እያወቀች፣ በዚያ ጭቃ ብቻዋን ወደ መርፌዋ ሄደች።