ላም የማትገባበት አገር

እኔን ብሎ ድንበር አመልካች! ጥርሴ ረግፎ አልቋል፤ ጉልበቴ ወንዛዬ ፍል ውኃ ካልነከሩት አልታጠፍም ይላል፤ ዓይኔ ከሩቅ ጦጣና ሰው መለየት ትቷል። ምላሴ ብቻ ነው እንደ ልጃገረድ የሚሮጥ። አንቺ አሮጊት፣ ቤትሽ ተቀምጠሽ ሎሚሽን ብትለቅሚ ምን ነበረበት? የጠራኝ ሰው ነበር፣ እሱስ እውነት ነው። ግን ባይጠሩኝም እሄድ ነበር፤ የሰው ጠብ ከሸተተኝ መቀመጫዬ ይቆረቁረኛል።

አገሬን ለማያውቅ ልንገረውና ከዚያ ልቀጥል። ዘጌ ሐይቁ ውስጥ ዘልቆ የገባ ጫካ ነው። የኛ መንደር አንገቱ ላይ ናት፤ ጫካው አልቆ የእርሻው አገር ከሚጀምርበት። ከባሕር ዳር በጀልባ የመጣ ሰው ከሐይቁ ሲያየን ዛፍ እንጂ ቤት አያይም። በባጃጅ የመጣ ደግሞ አቧራውን ጠጥቶ ጠጥቶ ድንገት ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ደረሰ ማለት ነው። ከኛ ወዲህ ቡናና ጌሾ፣ ሎሚም ነው። ከኛ ወዲያ ጤፍና ዳጉሳ፣ በሬና ጅራፍ ነው፤ እንዲያ እንዲያ እያለ እስከ መራዊ፣ እስከ ቆጋ ቦይ ድረስ ይሄዳል።

ጫካው ውስጥ በሬ አይጠመድም። ላም አይገባም፣ አህያም አይገባም። ድሮ ገዳማችንን የመሠረቱት ጻድቅ ናቸው የገዘቱ፤ መሬቱን ማረሻ አይንካው፣ ከብት አይርገጠው፣ በቡናና በጌሾ ትኖራላችሁ አሉ። ይኸው ኖርን። እህሉን ከውጭ እንገዛለን፣ ወተቱን ከውጭ እንገዛለን። አህያ ስለሌለ ጭነቱን የሚሸከመው የሴት ጀርባ ነው። ስለ ሴት ጀርባ የተገዘተ ነገር የለም፤ ረስተውት ይሆናል።

ሰዋችን? ሰዋችን ክፉ ነው። እኔም ከነሱ ነኝ፣ አልሸሽግም። ጀልባ ላይ ላለ ፈረንጅ እጁን ያውለበልባል፤ ትንሿን የደንገል ታንኳ ግዛኝ እያለ ይለማመጣል። ከማዶ እርሻ በእግሯ የመጣች ሙሽራ ስትሆን ግን ፊቱ ይጠቁራል። የማዶ ሰዎች እኛን «ጦጦች» ይሉናል፤ ዛፍ ሥር ለቅመን ስለምንበላ። እኛ እነሱን «ጭቃ ረጋጮች» እንላቸዋለን። ገበያ ላይ እንሳሳቃለን፤ ልጅ መስጠት ሲመጣ ግን ሁሉም ዘሩን መቁጠር ይጀምራል።

የልጅ ልጄ እኔ ዘንድ ነው ያደገ፤ እናቱ ባሕር ዳር ፋብሪካ ትሠራለች። ጌሾ ሊሸጥ መራዊ ገበያ ሲሄድ፣ ድንች የምትሸጥ የቆጋ ልጅ አየ። ጌሾው አለቀ፣ እሱ ግን ገበያ መሄዱን አልተወም። «አሁን ደሞ ምን ልትሸጥ ነው የምትሄድ?» ብለው፣ «ድንች ልገዛ» አለኝ። ቤታችን ድንች በድንች ሆነ። ጠዋት ድንች፣ ማታ ድንች። በመጨረሻ «ልጄ፣ ልጅቱን አምጣትና ድንቹ ይቅርልኝ» አልሁት።

ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ በአባቷ ቤት ሆነና መጣች። መጣች ስል ብቻዋን አይደለም፤ ከኋላዋ ላም እየሳበች ነው። ቀይ ላም፣ ሆዷ የገፋ፣ ለመውለድ የደረሰች። እናቷ ስትሞት ጥጃ ሆና የቀረችላት ናት፤ ልጅቱ ራሷ ናት ያሳደገቻት። ያ የኔ ጀግና ታዲያ ሕጋችንን ሳይነግራት ኖሯል። ከነገራት ትቀርብኛለች ብሎ ፈርቶ። ጓሮዬ ገብታ ላሟን ሎሚው ላይ ስታስር እሱ እግሩን ነበር የሚያይ።

ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ መንደሩ በሙሉ አጥሬ ላይ ተንጠለጠለ።

ከሁሉም የባሰች ጎረቤቴ ናት። አብረን ያረጀን፣ አብረን የተሳደብን ነን። የሷ ቤት የመንደሩ መጨረሻ ነው፤ ከቤቷ ወዲያ ጌሾዋ አለ፣ ከጌሾው ወዲያ ትንሽ ሣር አለ፣ ከሣሩ ወዲያ የማዶ ሰው እርሻ ነው።

«አንቺ! ጻድቁ ያስወጡትን ከብት አንቺ ትመልሽው ጀመር?» አለችኝ ባጥሩ ላይ።

«እኔ ምን መለስሁ? በእግሯ ነው የመጣች።»

«ዛሬ ላም፣ ነገ በሬ፣ ከነገ ወዲያ ማረሻ! ቡናችን ቢደርቅ በራስሽ ነው!»

«ቡናሽ አምናም ደርቋል። ያኔ የማን ላም ገብታ ነበር?»

«አፍሽ ይድረቅ! ያቺን ጭቃ ረጋጭ ንገሪያት፤ ወይ ላሟን ትሽጥ ወይ ከነላሟ ትሂድ!»

ሙሽራዋ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም። «እማማ» አለችኝ፣ «እርስዎ ይስሙኝ። እኔ ከላሟ ጋር ነው የመጣሁ። ላሟ ትውጣ ካሉ አብሬያት ነው የምወጣ፤ አልሸጣትም።» የልጅ ልጄን አየሁት። ከንፈሩ ነጥቷል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የላም ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁ። ላሟ ከወጣች ሚስት የለውም።

በማግስቱ ልጅቱ ውኃ ልትቀዳ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ሰላም የሚላት ጠፋ። ከፊቷ የነበሩት ሴቶች መንገዱን ሞልተው ቆሙ፤ ልለፍ ስትል አንዷ አፍንጫዋን ይዛ «እፍፍ! በረት በረት ሸተተኝ» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። ጄሪካኗን ሳትሞላ ተመለሰች። እኔ ራሴ ወርጄ፣ «የናንተ ጀርባ ጭነት ተሸክሞ ተሸክሞ አህያ አህያ ይሸታል፤ እኔ አፍንጫዬን ይዤ አውቃለሁ?» ብያቸው ቀድቼ መጣሁ። መሳደቡስ ጣፍጦኝ ነበር፤ ጄሪካኑ ነው እንጂ ወገቤን የፈጀኝ።

የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ላሟ ዛሬውኑ ከጫካው ትውጣ ብለው ላኩብን። ልጅቱም እሺ ብላ ጎትታ ሄዳ እዚያች ሣር ላይ፣ ከጎረቤቴ ጌሾ ወዲያ፣ ካስማ ተክላ አሰረቻት። ከጫካ ወጥታለች ብላ ነው። ጎረቤቴ «ይኼ መች ውጭ ሆነና ነው? ጫካ ነው!» ብላ ጮኸች። ወዲያ ማዶ ያለው ገበሬ ደግሞ ዱላውን ይዞ መጣና፣ «የጦጣ ላም እኔ እርሻ ላይ እግሯን ብታሳርፍ እግሯን ነው የምሰብረው» አለ። ላሚቱ በሁለቱ መሃል ቆማ ታመሰኳለች። እሷን ብቻ ነው ያልከፋት።

እንግዲህ ጥያቄው ሣሩ ጫካ ነው ወይስ አይደለም ሆነ። ድንበሩ ሾላው ነው ሲባል ሁሉም ይሰማል። ሾላ ግን ሁለት ነበር። አንደኛው እርሻው ጥግ ነበር፤ ድሮ ወድቆ ጉቶው እንኳ በስብሷል። ሁለተኛው እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በኔና በጎረቤቴ ቤት መሃል ነው። የዛሬ ሰው የቱ ድንበር እንደነበረ አያውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ፤ አባቴ የጫካው ጠባቂ ነበር። ድንበሩ የወደቀው ነው። ሣሩም ጌሾውም የጎረቤቴ ቤትም ከውስጥ ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ደጀ ሰላሙ ላይ እንደቆመ ገበዙ ጠሩኝ።

«እማማ፣ አባትዎ የጫካው ጠባቂ ነበሩ። ሾላው የቱ ነው? የቆመው ነው የወደቀው?»

ዞር ብዬ አየሁ። ልጅቱ ዳር ላይ ብቻዋን ናት፤ ከጎኗ ሰው እንዳይቆም የተከለከለ ይመስል ዙሪያዋ ባዶ ነው። ጎረቤቴ ከፊት ቆማ፣ ነጠላዋን አጥብቃ፣ የኔን አፍ ታያለች። ተናገሪና ልይሽ ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ስታየኝ አልወድም።

«የቆመው ነው» አልሁ።

ቀድማ የገባት ጎረቤቴ ናት።

«የቆመው ከሆነማ የኔ ቤት ከድንበር ወዲያ ነዋ!»

«እንዲያ ሆነ እንግዲህ። እኔ ምን ላድርግሽ? ሾላ አልተከልሁ።»

«እኔ? እኔ የማዶ ሰው?»

«በሬ ግዢ በላት!» አለ አንዱ ከኋላ። «ጅራፉን እኔ እገምድላታለሁ!» አለ ሌላው። ሳቁባት። ትናንት ከሷ ጋር አጥሬ ላይ ተንጠልጥለው የጮኹት ናቸው ዛሬ የሚስቁባት፤ ሰዋችን እንዲህ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ የቀረችኝ አንዲት ጥርስ እስክትታይ። ገበዙ ይማሉልን ቢሉኝ ኖሮ ጉዴ ነበር፤ አላሉኝም።

ላሟ ሣሩ ላይ ቀረች። ወለደች፤ ቀይ ጥጃ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ልጅቱ የመጀመሪያውን ወተት፣ እንገሩን፣ በቅል ቀድታ በሰው ወግ ለጎረቤቴ ወሰደችላት። ጎረቤቴ ተቀበለቻት፣ ዓይን ዓይኗን እያየች እግሯ ሥር ደፋችው፣ ቅሉን መለሰችላት። ልጅቱ እግሯን በሣር ጠርጋ ገባች። «ምን አለችሽ?» ብላት፣ «ምንም አላሉኝም» አለች። ከዚያ ወዲህ ግን ሳቋን አልሰማሁም።

ሾላው የቆመው ነው ማለቴ ማዶ እንደሚሰማ አላሰብሁም። ምላስ የሚሮጠው የኔ ብቻ መስሎኝ! ግንቦት ገባ፣ ዝናቡ መታ፣ መሬቱ ራሰ። አንድ ጠዋት «ና! ና!» የሚል የበሬ ነጂ ድምፅ ሰማሁ፤ በኛ በኩል በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀው። ወጣሁ። ያ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ የበሰበሰውን ጉቶ አልፎ፣ ሣሩን ገልብጦ፣ ጎረቤቴ ጌሾ ውስጥ ገብቷል። የጌሾው ችግኝ ከነሥሩ ትልሙ ላይ ተዘርሯል። ላሚቱ ጥጃዋን ይዛ ገመዷን ወጥራ ዳር ቆማለች።

«አንተ! ምን እያረግህ ነው?» አልሁት።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት ድንበሩን ያሳዩ አሉ። ከቆመው ሾላ ወዲያ ጫካ አይደለም ካላችሁ የእርሻ አገር ነው። የእርሻ አገር ከሆነ ደግሞ ካባቶቼ መሬት የተያያዘ ነው። እግዜር ይስጥዎ።»

መንደሩ ወጣ። ሴቱ እሪ አለ፣ ወንዱ ዱላውን አነሳ። ማረሻ ጫካ ገባ! ጎረቤቴ ግን አልጮኸችም፤ ሄዳ በሬዎቹ ፊት ትልሙ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች።

«እረስ!» አለችው። «በላዬ ላይ እረስ! እኔን ከአገር ያስወጣችኝ አሮጊት አለችልህ፣ እረስ!»

ገበሬው እርፉን እንደያዘ ቀረ። ገበዙ ደረሱ። ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ?

«የወደቀው ነው» አልሁ። «ድንበሩ የወደቀው ሾላ ነው። እዚያ ጉቶው ጋ።»

«እማማ፣ ያን ቀን የቆመው ነው አሉን» አሉ ገበዙ።

«አሮጊት ነኝ፤ የቆመና የወደቀ ይምታታብኛል።»

ማንም አልሳቀ። ሁሌ ሲስቁልኝ ለምጄ ነበር። ገበሬው ዱላውን ሁሉ አየና፣ «ጦጦች! ድንበራችሁ እንኳ በአሮጊት ምላስ ነው የሚሄድ!» ብሎ ተሳድቦ በሬዎቹን አዙሮ ወጣ። ወንዶቹ ጉቶው ላይ ድንጋይ ቆለሉ። ድንጋዩን ቆልለው ሲጨርሱ ሁሉም አንድ ላይ ዞረው ላሟን አዩ። ገበዙ ምንም ማለት አላስፈለጋቸውም።

ልጅቱ ካስማውን ነቀለች። ወደኔ መጥታ ጉልበቴን ሳመችኝ። «እማማ፣ እርስዎ ለኔ ብለው ነው» አለችኝ፤ ይህን ከምትለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የልጅ ልጄ ቤቱንም ቡናውንም አየ፣ እሷንም አየ።

«እማማ፣ እኔ እርፍ ይዤ አላውቅም።»

«ጦጣ ሆይ፣ ታዲያ ዛፍ ላይ ልትቀር ነው? ድንች መብላቱን ለምደሃል፤ መቆፈሩን እነሱ ያሳዩሃል። ሂድ!» አልሁት።

ጥጃው ረጅም መንገድ አይችልምና ትከሻው ላይ ተሸከመው። እሷ ከፊት ላሟን እየሳበች፣ እሱ ከኋላ። እዚያ ሁሉ ሰው ቆሞ ደኅና ሁኑ የሚል አንድ አልነበረም። አፍንጫዋን የያዘችው ሴትዮ ጭራሽ «ፋንድያውንስ ማን ሊጠርግ ነው?» አለች።

አሁን የልጅ ልጄ ከቆጋ ይደውልልኛል። እጁ ተላልጧል አሉ፤ መጥተሽ እኛ ዘንድ ኑሪ እያለ ይጠራኛል፣ እኔ ግን በዚህ ጉልበት የት ልሄድ።

እነሱ በሄዱ በማግስቱ ጎረቤቴ ትልሙ ውስጥ ተንበርክካ ጌሾዋን መልሳ ስትተክል አየኋት። ሳትጠራኝ ሄድሁና ከጎኗ ቁጭ ብዬ ችግኙን ቀጥ አድርጌ ያዝሁላት። አፈሩን መለሰችበት፣ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ ሌላውን አነሳች። ብዙ ቆይታ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«እሷስ ላሟን ስባ ሄደችልን። አንቺን ስቦ የሚያወጣ ገመድ ነው የጠፋ።»