አስቴር ያላመነቻት ጽጌረዳ

ጥቅምት 1963 ነበር እላለሁ። ጭቃው ስለደረቀ ጥቅምት መሆን አለበት። ግን የአቃቂ ጥቁር ጭቃ አንዳንድ ዓመት ኅዳርንም ስለሚሻገር በሱ መማል አይቻልም። ዓመቱም ስልሳ አራት ሊሆን ይችላል። ጽጌረዳዋ ማበቧን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋሽ ቀናው በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ቀያሪ ነበር። ባቡሩን ሁሉ ወደ ትክክለኛው መስመር ሲልክ ውሎ፣ እሱ ራሱ ከሥራ ሲወጣ አረቄ ቤት ይገባል። ሚስቱ አስቴር ሲያንገፈግፋት ልብሷን ጠቅልላ ድሬዳዋ እኅቷ ዘንድ ሄደች። ስትወጣ፣ በዘይት ቆርቆሮ የተከለቻትን፣ አንድም ቀን አብባ የማታውቀውን ጽጌረዳ በአገጯ አሳየችው።

"ይቺ ያበበች ዕለት እመለሳለሁ።"

የእኛና የእነሱ ግድግዳ አንድ ስለነበር ሰምቻለሁ።

በሁለተኛው ዓመት አበበች።

ጋሽ ቀናው ቆርቆሮውን ታቅፎ ከጣቢያው ፊት ለፊት ወዳለው የአያና ፎቶ ቤት ሮጠ። አያና በአምፖል ብርሃን አነሣለት። ፎቶውን ወደ ድሬዳዋ የወሰደውም፣ መልሱን ያመጣውም የባቡሩ ትኬት ተቆጣጣሪ ኦልጅራ ነው።

"'የአያናን ፕላስቲክ አበባ ልኮ ሊያታልለኝ ነው? የሠርጌ ዕለት አብሬያት ፎቶ ተነሥቻለሁ' ብላሃለች።"

እውነቷን ነው። ያቺ የፎቶ ቤቱ ፕላስቲክ ጽጌረዳ ያልገባችበት የሠርግም የክርስትናም ፎቶ አቃቂ ውስጥ አልነበረም።

"በል ደጅ አውጥተህ አንሣት" አለ ጋሽ ቀናው። "በፀሐይ። ጠጋ ብለህ።"

"ካሜራዬ ሲጠጋ አያይም።"

"እኔም አረቄ ስጠጋ አላይም። መላ ፈልግ!"

አያና ከሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽር ተውሶ ካሜራው ላይ በፕላስተር ለጠፈ። በማግስቱ ጠዋት ቆርቆሮውን ጣቢያው ደጃፍ አግዳሚ ላይ አስቀምጠን ፀሐይ እስክትዞርላት ጠበቅን። አያና እንደ ሙሽራ ሊያሰማምራት መሐረቡን አወጣ።

"አቧራዋን እንዳትነካ! አቧራዋ ምስክሬ ነው። ትል የበላውን ቅጠልም አስገባልኝ። ፕላስቲክ የሚበላ ትል አለ?"

"ትል አሳይቼ ደንበኛ ላገኝ?"

"የምፈልገው አንድ ደንበኛ ነው። እሷም ድሬዳዋ ናት።"

ነፋሱ ሲመጣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን፤ ነፋሱ ግን የራሱን አልያዘም። የዕቃ ባቡር ሲያልፍ አግዳሚው ተንቀጠቀጠ፣ ጋሽ ቀናው እንጀራው የሆነውን ባቡር ከነነጂው ረገመው። በመጨረሻ አያና ቀጭ አደረጋት።

ፎቶው ሲታጠብ ቆርቆሮም ግንድም የለም። አበባዋ ከዚያ ከተበላው ቅጠል ጋር ወረቀቱን ሞልታዋለች፣ የትሉ ቀዳዳ ከነጥርሱ ይታያል።

"እግሯን ቆረጥከው እኮ!" አለ ጋሽ ቀናው። ከዚያ መስኮቱ ጋ ወስዶ ብዙ አያት። "እንዲህ ናት እንዴ?" አለ፣ ለራሱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኦልጅራ ከባቡሩ ሳይወርድ በመስኮት ጮኸ። "አመነች!"

"እሰይ! መቼ ትመጣለች?"

"አትመጣም። 'አበባዋ እውነተኛ ናት። ቀናው ግን ለራሱም ውኃ ጠጥቶ አያውቅ፤ ማናት የምታጠጣለት?' ብላለች።"

ጣቢያው በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ቀናው ብቻ አልሳቀም።

በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ባቡር ሲቆም፣ የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ ቆርቆሮውን ታቅፎ መጣ።

"ማን እንደሚያጠጣት ዓይኗ እያየ አሳያታለሁ!" ብሎ ተሳፈረ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ተጋርተን ውኃ ሲቀዳ አላየሁትም። ሌላ ሴትም በዚያ በር ስትገባ አላየሁም። ወደ መስኮቱ ተጠግቼ "ጋሽ ቀናው፣ እውነት ግን ማን ሲያጠጣት..." ስል ባቡሩ ጮኸ፣ ጽጌረዳዋም በመስኮቱ ራሷን እየነቀነቀች ሄደች።